ስለ ጋራ አኳሪየማችን ቅዳሜ እንወስን

ሰላም ለሁላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ባለው አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) የገቡትን ሲክሊድ የሚባሉ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ምን እናድርጋቸው የሚለውን ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት እዚያው አዳራሹ ተገናኝተን እንወስናለን።

ኦራተስ የሚባሉት ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ሲክሊዶች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ጸባያቸው ግን ሌላ ነው። ወንዱ ሲያድግ ይጠቁርና ገንዳውን በሙሉ የራሱ ያደርጋል። አብረዋቸው ያሉት ትናንሽ ዓሦች፣ የጉፒዎቹ ጭራ እንዴት እንደተቦጫጨቀ አይታችኋል። ጠቡ ብቻም አይደለም። የማላዊ ዓሦች ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) እና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 8 አካባቢ የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ኒዮን ቴትራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ለስላሳና ትንሽ አሲዳማ ውሃ ነው የሚስማማው።

ወይ ሲክሊዶቹን ብቻ አስቀርተን ድንጋይ በብዛት እንደረድራለን፣ ወይ እነሱን እናወጣለን። እኔ ማውጣቱን እመርጣለሁ፤ ባለ 120 ሊትር ገንዳ ለኦራተስ ይጠባል።

ትልቅ ገንዳ ኖሮት ሊወስዳቸው የሚፈልግ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ይጻፍልን። መረብና ክዳን ያለው ባልዲ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ድንጋዩን ሳናነሳ ስለማይያዙ ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልገናል። መምጣት የማትችሉ «ይቅሩ» ወይም «ይውጡ» ብላችሁ መልሱልን። እስከዚያ ማንም አዲስ ዓሣ እንዳይጨምር።