ብሬከር የማያየው እሳት፦ ለኤሌክትሪክ ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን የምንጽፍልዎ የቤት ውስጥ መስመር የምንዘረጋና የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ቤት መብራት ከመግባቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ብሬከር (መስመሩን በራሱ የሚያጠፋው መቁረጫ) ተገጥሟል ወይስ አልተገጠመም ከሚለው እንዲያልፍ ነው።

ብሬከር የሚቆርጠው ከመጠን ያለፈ ከረንት ሲያልፍበት ነው። የላላ ብሎን ደግሞ ከረንት አይጨምርም። 10 አምፔር በሚስብ ምድጃ መስመር ላይ አንድ መጋጠሚያ ላልቶ የግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 10 በ10 በ0.5 ሲባዛ 50 ዋት ሙቀት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል። ብሬከሩ ግን ያንኑ 10 አምፔር እያየ ዝም ይላል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ልባስ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። ብሎኑም በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ይበልጥ እየላላ ይሄዳል። የሞቀ የሶኬት ክዳን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታና ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል የዚህ ምልክቶች ናቸው።

ስለዚህ ፍተሻው ሶኬት ይክፈት። ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ፣ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በመለኪያ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ከየመስመሩ መጨረሻ ያለው ሶኬት ተፈትቶ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ሳብ ይደረግ። ብሎኑ የነከሰው መዳቡን ይሁን ልባሱን ይታይ። ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ከተገኘ ቤቱ አይለፍ፤ ማያያዣ ገብቶለት፣ ሊከፈት በሚችል ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የሽቦና የብሬከር መመጣጠን ነው። ለ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 10 አምፔር፣ ለ2.5 ደግሞ 16 አምፔር ብሬከር የተለመደ ነው። ብሬከር ደጋግሞ ሲቆርጥ ሽቦውን ሳይቀይሩ ባለ 32 አምፔር መግጠም ግን ጠባቂውን ማሰናበት ነው። ልኩ ትክክል ሲሆንም ገደብ አለው፦ ሁለት ባለ 2000 ዋት ዕቃዎች በ220 ቮልት አብረው ሲሠሩ 18 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ጭነት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሸከም ይችላል። ሁለቱ የተሰኩት 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ባለው ማራዘሚያ ላይ ከሆነ የሚነደው ገመዱ ነው፤ በተለይ ተጠቅልሎ ወይም ምንጣፍ ስር ገብቶ ከሆነ። ለሕዝብ የምታስተላልፉት መልእክት «ጥንቃቄ ያድርጉ» ከሚል «ምድጃና ካውያን በአንድ ማራዘሚያ አይሰኩ» ቢል ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።

ሦስተኛው አርሲዲ የተባለው፣ ከመስመሩ የሚያፈተልክ ከረንት ሲኖር የሚቆርጠው መሣሪያ ነው። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው አርሲዲ በፌዝ (ከረንቱን በሚያመጣው ሽቦ) የሄደውና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) የተመለሰው ከረንት በዚያ መጠን ሲለያዩ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ያጠፋል፤ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ የሚያድነው እሱ እንጂ ተራ ብሬከር አይደለም። የሙከራ ቁልፉን መጫን የመሣሪያውን ጤንነት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ቤቱ የመሬት ሽቦ ይኑረው አይኑረው አይናገርም። እሱን ተቆጣጣሪው በመለኪያ ለብቻው ይለካ።

ገበያውም ያሳስበናል። «2.5» ተብሎ የሚሸጥ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ የመዳቡ ዲያሜትር 1.78 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ «1.5» ደግሞ 1.38 መሆን አለበት። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም አለ፤ ከመዳብ ይበልጥ ይግላል፣ ብሎን ስርም ቶሎ ይላላል። በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ነው፣ ሲያነሱትም ይቀልላል። ለተቆጣጣሪዎቻችሁ ካሊፐር የተባለውን የውፍረት መለኪያና ቢላ መስጠት ከማንኛውም ዘመቻ በፊት የሚቀድም ይመስለናል።

በመጨረሻም፣ የቃጠሎ ሪፖርት «ኮንታክት ነው» በሚል ብቻ ሲዘጋ ቀጣዩን ቤት ለማዳን የሚረዳ ነገር አይገኝበትም። ቅጹ ላይ እሳቱ የተነሳበት ነጥብ፣ የሽቦው ውፍረትና ዓይነት፣ የብሬከሩ መጠን፣ አርሲዲ መኖር አለመኖሩ ይጨመር። ቅጹን ለማዘጋጀትም ሆነ ተቆጣጣሪዎችን ለማሠልጠን ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያዎች