ሳይፈርስ አንድ ፎቶ

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ። የቆዩ የአዲስ አበባ ፖስትካርዶች እሰበስባለሁ። ብዙ አይደሉም፤ የጫማ ካርቶን እንኳ አይሞሉም። በነሱ ሰበብ ግን ቅዳሜዬን ፒያሳ ስዞር ነው የምውለው። ካርዱን ይዤ ፎቶ አንሺው የቆመባትን ቦታ እፈልጋለሁ። ጥበቃዎች «ምን ጠፋብህ?» ሲሉኝ «መንገድ» እላቸዋለሁ።

አንዱ ካርድ የአራዳን ገበያ ያሳያል። ከሥሩ በፈረንሳይኛ ተጽፎበታል፤ ዓመት ግን የለውም። ዘመኑን ማወቅ እንደ እንቆቅልሽ ነው። መጀመሪያ የምኒልክን ሐውልት እፈልጋለሁ። የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ዋዜማ ነው። አደባባዩ ባዶ ከሆነ ፎቶው ወይ ከዚያ በፊት የተነሳ ነው፣ ወይ ጣሊያን ሐውልቱን ባስነቀለበት ጊዜ። ገበያው እዚያው ከደራ ደግሞ ከጣሊያን በፊት ነው፤ ወደ መርካቶ ያዛወሩት እነሱ ናቸውና። ጣሪያውም ይናገራል። ሣሩ በዝቶ ቆርቆሮው ካነሰ፣ ባሕር ዛፉም ገና ካልተንሰራፋ፣ ካርዱ ሽማግሌ ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ያስፈልጋል። ጊዮርጊስ አለ። እንጦጦም የትም አይሄድም። በመሃል የነበረው ጥግ፣ መታጠፊያና በረንዳ ግን ከ2016ቱ የኮሪደር ልማት ወዲህ በብዙ ቦታ የለም። ዶሮ ማነቂያን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃት ነበር። ዛሬ ብትወስዱኝ ቁርጥ የበላንበትን ቤት ቦታ እንኳ ማሳየት አልችልም።

ልማቱን ለመቃወም አይደለም የምጽፈው። ሽንት ቤት በጋራ፣ ውሃ በወረፋ የሚኖርበት ሰፈር በፖስትካርድ ሲያዩት ነው የሚያምረው። ደግሞም ካርዶቹ ለእኛ አልታተሙም፤ ፈረንጅ ለዘመዱ የሚልካቸው ነበሩ። ቤተ መንግሥቱን፣ ገበያውን፣ ለገሀርን ያነሳሉ። የእኛን ጓሮ ማን ያነሳዋል? ለዚህ ነው ፖስትካርድ ያልደረሰው ሰፈር ሲፈርስ ጨርሶ የሚጠፋው። የተመዘገበ ቅርስ ቢያንስ መዝገብ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ያልተመዘገበው ነው፤ የልብስ ሰፊው ሱቅ፣ የኬክ ቤቱ ደረጃ።

እናም የምለምናችሁ፣ ማንኛውም ቤት ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ይነሳ። ፊት ለፊቱ ብቻ ሳይሆን ከመንገዱ ወዲያና ወዲህም ጭምር፤ ኋላ ቦታውን የሚያሳውቀው እሱ ነው። ቀኑና የሰፈሩ ስም አብሮ ይጻፍ። ትልቅ ካሜራ አያስፈልግም፤ የሾፌራችሁ ስልክ ይበቃል። በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ የድሮው ካርድ በተነሳበት ቦታ ምስሉ በትልቁ ይሰቀል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያስተያይ። ምስል አይጠፋም፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥሩ ክምችት አለው።

የኔንም አውሳችኋለሁ። ብቻ ስካን አድርጋችሁ በዚያው ቀን መልሱልኝ። አንዴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጥቼ ሁለቱ በዚያው ቀርተዋል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የፒያሳ ልጅ