ለሐረሪ ክልል ባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ፦ ፈረሰኞቻችንን በፈረሳቸው ስም እንፈልጋቸው

ይድረስ ለተከበሩ የቢሮው ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከሐረር ለዘመቱ ፈረሰኞች የስም መዝገብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። እትብቴ የተቀበረው ግን ሐረር ነው። የእናቴ አያት በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኮንን ጋር ከሐረር ተነስቶ ዓድዋ የዘመተ ፈረሰኛ ነበር። ይህን ከአያቴም፣ ከእናቴም፣ ለቅሶ ላይ ከሚመጡ ሽማግሌዎችም እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ፈለግሁት። በወረቀት ላይ ግን አንድም ቦታ አላገኘሁትም።

ብዙ ዞሬያለሁ። ስሙን ከአባቱ ስም ጋር በደብተር ጽፌ ነበር የምሄደው። ለካ ፍለጋውን የጀመርኩት ከተሳሳተ ጫፍ ነው። እኛ ከትውልድ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስምና የአባት ስም ብቻ ነው ያለን። በአንድ አጥቢያ ውስጥ ያንኑ ስም የያዘ ሰው አራትና አምስት ይገኛል። የዚያን ጊዜ ወታደር ደግሞ መለያ ቁጥር የለውም። በየወሩ ፈርሞ ደመወዝ አይቀበልም። የሚበላውም፣ የሚታጠቀውም፣ የሚዘምተውም በአለቃው ሥር ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል የመኳንንቱን ስም ይዘረዝራል። ከእነሱ ኋላ ይጋልብ የነበረውን ሰው ግን በጅምላ «ፈረሰኛ» ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ቀን ፈረስ መጋላ አንድ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ሳወራ አንድ አዛውንት አቋረጡኝ። «የፈረሱ ስም ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲህ እሱን ሳታውቅ ምኑን ትፈልገዋለህ ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ የጦር ሰው የሚታወቀው በፈረሱ ስም ነው። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ልማዱ በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድም ሥር የሰደደ ነው፤ የጅማውን ንጉሥ አባ ጅፋር የምንላቸው በፈረሳቸው ነው። የእኛው ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው የተባለው በዚሁ ስም ነው። እስቲ አስቡት፣ የአንድ የሐረር ገዥ ፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ ደርሷል። የኔ ቅድመ አያት ፈረስ ስም ግን ከሐረር ድሬዳዋ መድረስ አቅቶት ነበር።

ያገኘሁት አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ዘንድሮ 90 ዓመት አልፏታል። የትናንቱን ትረሳለች፣ የድሮውን ግን አትረሳም። የፈረሱን ስም ስጠይቃት አልመለሰችልኝም። ዝም ብላ ቆይታ ማንጎራጎር ጀመረች። እናቷ አባቷን ስትቀብር ያለቀሰችበት ሙሾ ነው። ሙሾው ውስጥ የፈረሱ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። የአለቃው ስምም አለበት። ከየትኛው አገር እንደመጣም አለበት። ስድስት ዓመት በየቢሮው የፈለግሁት ሁሉ እዚያች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። በሞባይሌ ቀዳሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መጀመሪያው ላይ ድምፁ ይቆራረጣል።

ለዚህ ነው የምጽፍልዎ። እንደ አክስቴ ያሉ እናቶችና አባቶች በጀጎል ውስጥም፣ ከጀጎል ውጭም፣ በየገጠሩም አሉ። ሙሾውን በአማርኛ የሚያውቅ አለ። የፈረሰኛ ዘፈኑን በኦሮምኛ የሚያውቅ አለ። በሐረሪና በሶማሊኛ የሚተርክ አለ። ዘንድሮ የሚናገሩት ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ።

የምጠይቀው አንድ መዝገብ እንዲከፈት ነው። ሰው መጥቶ በነፃ የሚያስመዘግብበት። የዘማቹ ስምና የአባት ስም፣ የአለቃው ስም፣ የፈረሱ ስም፣ የመጣበት አገር፣ ሲመለስ መሬት ያገኘበት ቦታ፣ የተቀበረበት ቦታ ይጻፍ። የአለቃው ስምና የፈረሱ ስም እንዳይቀሩ አደራ። ሁለት ቤተሰቦች ሳይተዋወቁ አንድ አለቃ ከጠሩ አብረው የዘመቱ ሰዎች ልጆች ናቸው ማለት ነው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

የመሬቱን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚያ ዘመን የወታደር ደመወዙ መሬት ነበር። ስለዚህ የአገልግሎት መዝገብ የምንለው በአብዛኛው የመሬት መዝገብ ውስጥ ነው ያለው። የቤተ ክርስቲያን ብራናዎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። የሐረር የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገቦችም ውርስና ጋብቻ ይዘዋል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ለአርበኞች መሬትና ሜዳይ ሲሰጥ ስም ተመዝግቧል። እነዚህን እኔ ለብቻዬ በር እያንኳኳሁ ልደርስባቸው አልችልም። ቢሮዎ ደብዳቤ ቢጽፍ ግን በሩ ይከፈታል።

የ1928ቱን ዘማቾችም አይርሱብኝ። በደጃዝማች ነሲቡ ሥር ወደ ኦጋዴን የወረዱትን፣ ከግራዝማች አፈወርቅ ጋር ቆራሄ ላይ የነበሩትን። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ሐረርን ሲደበድብ የአያቴ ቤት ተቃጥሏል። ሳጥን ውስጥ የነበረው ወረቀት ሁሉ አብሮ ነደደ። የኔን ዓይነት ቤተሰብ ብዙ ነው።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ከሐረር ወደ ዓድዋ ከዘመቱት ብዙዎቹ ሐረር የገቡት በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ነው። ያ ጦርነት የአሚር አብዱላሂን መንግሥት አፍርሷል። ለሐረር ልጆች እስከ ዛሬ የሚያም ቁስል ነው። ለወታደሩ የተሰጠው መሬትም ባለቤት ነበረው፤ ገባር የሆነው ሰው ልጆች ዛሬም አሉ። ቅድመ አያቴን ስለምወደው ይህን ልደብቀው አልችልም። ስለዚህ መዝገቡ የአንድ ወገን እንዳይሆን እለምናለሁ። ጨለንቆ ላይ ከአሚሩ ጋር ተሰልፈው የወደቁትም ስማቸው ይጻፍ። የእነሱ የልጅ ልጆችም እንደኔው እየፈለጉ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ብናስመዘግብ እኔ ደስ ይለኛል።

ሌላው ልመናዬ ስለ ኦሪጅናል ወረቀት ነው። እባክዎ ከማንም ላይ ኦሪጅናል አይቀበሉ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የወንድ አያቴን የሜዳይ ምስክር ወረቀት «እናጣራው» ብሎ ተቀበለን። ከእሳቱ በኋላ ያገኘነው ብቸኛ ወረቀት ነበር። ስንመለስ ፋይሉ የለም ተባልን። የተቀበለን ሰው ተቀይሯል። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ወረቀቱ መጣ ወይ?» ትለኝ ነበር። ሰው እዚያው ፊቱ ስካን ተደርጎለት ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይግባ። ይህ ካልሆነ ማንም ሳጥኑን አይከፍትም።

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። አንድ ክፍል፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ድምፅ መቅጃ፣ የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚችሉ ሁለት ሦስት ትጉህ ወጣቶች። ጀጎል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ይመልከቱ። የጀመረው በአንድ ሰው የግል ስብስብ ነው። ዛሬ ጥንታዊ ብራናዎችን ይዞ የሐረር መኩሪያ ሆኗል። አንድ ሰው ይህን ከቻለ አንድ ቢሮ አይቸግረውም።

እኔ ባዶ እጄን አልመጣም። የአክስቴ ሙሾ በሞባይሌ አለ። ሌላም አንድ ነገር አለን። ቅድመ አያቴ ከዘመቻው የተመለሰው በእግሩ ነው። ፈረሱ ትግራይ ቀርቷል። ይዞ የመጣው አንድ እርካብ ብቻ ነው። ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፤ ልጅ ሆኜ የቁልፍ መያዣ ትመስለኝ ነበር። ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው ይጋልቡ ስለነበር እርካቡ የሚይዘው የእግር አውራ ጣትን ብቻ ነው። ውስጧ በአንድ በኩል ተበልቷል። የሱ ጣት ያረፈበት ነው።

መዝገቡ የሚከፈትበትን ቀን ያሳውቁን። በመጀመሪያው ቀን፣ በጠዋቱ ሚኒባስ፣ እርካቧን ይዤ ከድሬዳዋ እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአንድ ፈረሰኛ የልጅ ልጅ ልጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ