እማዬ አንተን ትሰማለች

ይድረስ ለወዳጄ፤ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ፋሲካ ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ ምክንያት ብደረድር እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ይቅር በለኝ ብዬ ልለፈው። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን ችግርም ነው።

ባለፈው ወር እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ፣ እማዬ በሻማው ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ እንደሚታያት ነገረችን። እኛም ቀለድንባት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ቀኝ ዓይኗ ደም ለብሶ፣ ግማሽ ራሷን እየፈለጣት ታስመልስ ጀመር። እኔ ጨጓራዋ መስሎኝ እስኪነጋ አቆየኋት፤ ይህን ከአንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ሐኪሙ የዓይኗን ግፊት ሲለካው 52 ደርሷል፤ ጤነኛው ከ10 እስከ 21 ነው። ግላኮማ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር ተያይዞ የእይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ መሆኑን ነገረን፤ ያውም ማዕዘኑ የሚዘጋው ዓይነት። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይወፍራል፤ እንደ እርሷ ባለ ትንሽ ዓይን ውስጥ ሲወፍር አይሪስን፣ ማለትም ባለ ቀለሙን የዓይን ክፍል፣ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ዓይን የሚያመነጨው ውኃ የሚወጣበትን ጠባብ ማዕዘን ይዘጋል። በጨለማ ብሌኑ ሲሰፋ ደግሞ ይብሳል። በጠብታና በኪኒን ካረጋጓት በኋላ በሌዘር አይሪሷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱላት፤ ወፍራሙ ሌንስ ግን እዚያው ስላለ ግፊቱ እንደገና ከፍ አለ። አሁን ሌንሱን አውጥተው ስስ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሊተኩላት ይፈልጋሉ።

እርሷ ግን «ሞራ የሌለበትን ዓይኔን ለምን ይነኩታል?» ብላ እምቢ አለች። እኔም መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር። ሐኪሙ በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለወጣ ጥናት አስረዳኝ፤ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 419 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ሞራ ሳይኖርባቸው ሌንሳቸው የወጣላቸው በሌዘር ከታከሙት ይልቅ ግፊታቸው ዝቅ ብሎ፣ ጠብታም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናም የሚያስፈልጋቸው አነስተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ቀዶ ሕክምናው የራሱ ስጋት እንዳለው፣ የተጎዳ ነርቭንም እንደማይመልስ አልሸሸገኝም፤ እኔን ያሳመነኝም ይኸው ግልጽነቱ ነው።

ለእርሷ ይህን ሁሉ ብነግራት አልሰማችኝም። ጨጨብሳዋን እየሰረቅህ ያደግህ አንተ ብትነግራት ግን ትሰማለች፤ ከእኔ ይልቅ አንተን እንደምትወድ ከልጅነቴ ጀምሮ እየቀናሁ አውቀዋለሁ። እባክህ ቅዳሜ ና፤ አደባባዩ ጋ እጠብቅሃለሁ።

ያ የተበደርኩህ ብር... አልረሳሁትም። ዝም ያልኩህም በእርሱ ሐፍረት ነበር፤ ስትመጣ ግማሹን እሰጥሃለሁ።