የምንከፍለው ለስሙ ነው ለጉልበቱ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ ክለቦች ልምድ ያለው ተጫዋች ያስፈልጋቸዋል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ተጽፏል። ግን ግማሹን ነው የነገራችሁን። ልምድ ያለ ዕድሜ አይመጣም፤ ዕድሜ ደግሞ ጉልበት ላይና ታፋ ላይ የሚተወው ነገር አለ፤ ስለዚያ አንድ መስመር የለም።

እዚህ ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ የዝውውር ወሬም አብሮ ይገባል። ሐይቁ ዳር ቡና የሚጠጣውም፣ ዓባይ ማዶ ባጃጅ የሚነዳውም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ዘንድሮ ማን ይመጣል? የከተማችን ክለብ ባሕር ዳር ከተማ፣ የጣና ሞገዶቹ የምንላቸው፣ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ከጨረሱ፣ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕም የታንዛኒያውን አዛም ካሰናበቱ ወዲህማ ጉጉቱ ብሷል። ጉጉቱ ባልከፋ። ችግሩ ሁላችንም የምንጮኸው ለስም መሆኑ ነው። «እሱ እኮ ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ነው!» ይባላል። መቼ? እሱን የሚጠይቅ የለም። ይሄን የምለው ስለ አንድ ክለብ አይደለም፤ በየከተማው ያለ ነገር ነው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በቤዝቦል ነው፣ ሳቁ ካላችሁ ሳቁ። ቨርጂኒያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ልክፍት ሆኖበት በደወለ ቁጥር ስለ ቤዝቦል ነው የሚያወራኝ። እዚያ ጨዋታ ላይ ዋናው ኳስ ወርዋሪ ሲደክም ከተጠባባቂ መጥቶ የሚተካ ወርዋሪ አለ። ሥራው አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይገባና ሦስት ተጋጣሚ አስወጥቶ ይጨርሳል። ግን ለዚያች አጭር ጊዜ ያለ የሌለ ኃይሉን ነው የሚያወጣው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚምዘገዘግ ኳስ ነው የሚወረውረው፣ ከባዱን ጫና ደግሞ የሚሸከመው ክርኑ ውስጥ ያለ አንድ ጅማት ነው። ጅማቱ ሲበጠስ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት ይተካል። መጀመሪያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 ቶሚ ጆን ለሚባል ወርዋሪ ስለሆነ ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራል። አገግሞ ለመመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

እና የፊላደልፊያ ቡድን፣ ፊሊስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ዴቪድ ሮበርትሰን የሚባል የ33 ዓመት ወርዋሪ በሁለት ዓመት 23 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሰውየው በሽተኛ አልነበረም። ለዓመታት በየወቅቱ 60 ጨዋታና ከዚያ በላይ ሲጫወት የኖረ ነው። ለፊሊስ በዚያ ውል ስንት ጨዋታ ቢጫወት ጥሩ ነው? 7። ክርኑ ሄደ፣ ቀዶ ጥገና ገባ፣ ውሉ አለቀ። ጤነኛው እንዲህ ከሆነ፣ በየዓመቱ ሲጎዳ የከረመውን ማስፈረም ምን ሊባል ነው?

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቺካጎ ከብስ የሚባል ሌላ ቡድን ይሄንኑ ሰው በአንድ ዓመት ውል በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፤ ጥሩ ወረወረ፤ በወቅቱ አጋማሽ ላይ መልሶ የፈለገው ማን ሆነ? ያው ፊሊስ! ሰውየው ያው ነው፣ ክርኑም የተጠገነ ክርን ነው። የተለየው ውሉ ነው።

ወደ ለመድነው ኳስ እንመለስ። የአርሰናል ደጋፊ ሁሉ ስዊድናዊውን አማካይ ኪም ካልስትሮምን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በውሰት መጣ፤ ሲመረመር ጀርባው ተጎድቷል፤ ዝውውሩ ግን ቀጠለ፤ ለሳምንታት ጨዋታ ሳያይ ቀረ። አጥቂው ፋልካኦም ጉልበቱን በተጎዳበት ዓመት ነው ማንቸስተር ዩናይትድ የገባው፤ በሊጉ ያገባው 4 ጎል ነው። በሌላ በኩል ተከላካዩ ቲያጎ ሲልቫ በ35 ዓመቱ ያለ ዝውውር ክፍያ ቼልሲ ገብቶ በዓመቱ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ። ስለዚህ ሽማግሌ አታስፈርሙ እያልኩ አይደለም፤ አስፈርሙ፣ ግን ስሙ ሳይሆን ሰውነቱ ተመርምሮ ይሁን።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ ከታየ ወዲህ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ይካሄዳሉ። ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራረባል፣ ማረፊያው ቀን አጭር ነው። የ22 ዓመት ልጅ በሦስት በአራት ቀን ያገግማል። የ35ቱ ግን ሊከብደው ይችላል። አንዴ የተጎዳ የታፋ ጡንቻ ደግሞ ካልተጎዳው ይልቅ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ይሄ የስፖርት ሐኪሞች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ነው።

በታችኛው ሊግ የሚጫወት አንድ ክለብ፣ ስሙን ልተወው፣ እንዲህ ያለ አጥቂ አምጥቶ ነበር። ከሜዳው ዳር ቆሜ ሲያሟሙቅ አየሁት። ግራ ታፋው ከጉልበቱ በላይ እስከ ቁምጣው ሥር በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሲዘል የሚያርፈው በቀኙ ብቻ ነው። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ያጨበጭባል። ገባ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ በአንድ ንክኪ አሻገራት፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለች ኳስ ያንን ቀን ሌላ ማንም አላሻገረም። ከዚያ ከተከላካይ ጀርባ የተጣለች ኳስ ለመድረስ አምስት ስድስት እርምጃ ሮጠና ታፋውን ከኋላ ያዘ። ቃሬዛ መጣ። ተቀይሮ የገባው የሰፈር ልጅ ነው፣ እስከዚያ ቀን ወንበር ያሞቅ የነበረ። የፊርማው ገንዘብ ግን ቀድሞ ተከፍሏል፤ የሚመለስበት መንገድም የለም።

ያገለገለ ባጃጅ ስንገዛ እንኳ መካኒክ ይዘን እንሄዳለን። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፣ ማለትም በኛው ገንዘብ። ታዲያ ለምን ሙሉ የፊርማ ክፍያ በአንድ ቀን ይወጣል? ትንሽ መነሻ ይሰጠው፣ ቀሪው በተጫወተው ጨዋታ ልክ ይከፈለው። ሁለት ዓመት ሳይሆን አንድ ዓመት ይፈርም፤ ጤናው ከቆየ ይታደሳል። በራሱ የሚተማመን ተጫዋች እንዲህ ያለውን ውል አይጠላም። የሚጠላው ካለ፣ ያው መልሱን ነግሮናል። ደላላው ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ከናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ክለብ ተጫዋች ሲያስፈርም ማሊያ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ብቻ አታውጡልን። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ስንት ሳምንት በጉዳት እንደወጣ፣ የሕክምና ምርመራውን ማን እንዳደረገለት ጠይቃችሁ ከፎቶው ሥር ጻፉት። ክለቡ አልናገርም ካለም «ጠይቀን አልመለሰም» ብላችሁ አትሙት።

አንባቢያችሁ፣
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር