የአዳሪ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ መነሻ ይውጣለት

ለሰሜን ሸዋ ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦ ለዞኑ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ፤ ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ ወላጆቻችን በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳ፣ በአረርቲና በዓለም ከተማ የሚኖሩ፣ እኛ ግን በውጭ አገር የምንኖር የሰሜን ሸዋ ልጆች ነን። እናት ወይም አባት ሲደክሙ አብራቸው የምታድር ሠራተኛ እንቀጥራለን። ደመወዟ ስንት ይሁን ለሚለው ጥያቄ ግን የሚመልስልን ደላላ ወይም ጎረቤት ብቻ ነው፤ መልሱም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። መምሪያዎ በየዓመቱ የሚታደስ የደመወዝ መነሻ ሠንጠረዥ እንዲያወጣ፣ ከእሱም ጋር አጭር የውል ቅጽ አዘጋጅቶ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲለጥፍ እንጠይቃለን። እንዴት ሊሰላ እንደሚችል በቁጥር እናሳያለን።

ሕጉ ክፍተት እንዳለው ያውቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ የቤት ሠራተኛንም ጭምር፣ ከአዋጁ ውጭ አድርጎ፣ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይናገራል። አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለንም። የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም ከቁጥር 2601 ጀምሮ፣ ሠራተኛዋ ከአሠሪው ቤት የምትኖር ከሆነ መኝታዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ እንዲሆን፣ ስትታመምም እንድትታከም አሠሪውን ያስገድዳል። ስለ ብሩ መጠን ግን ዝም ይላል። ስለዚህ መምሪያዎ አስገዳጅ ዋጋ ያውጣ አንልም፤ ሥልጣኑም የሌላ ነው። የምንፈልገው ሰው የሚይዘው መነሻ ነው።

መነሻው ሲጠፋ ከውጭ የሚከፍለው ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ከአገር ሲወጣ የነበረውን ደመወዝ ይዞ ይቀራል፤ ጤፍና ዘይት የት እንደደረሱ ሳያይ በዚያው ላይ ጥቂት ጨምሮ ያበቃል። ሌላው በዶላር አስቦ ወደ ብር ይለውጣል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። በብር ተዋውሎ የነበረ ሰው ያንኑ ብር ለመላክ የሚያወጣው ዶላር ከግማሽ በታች ሲሆን፣ የሠራተኛዋ ብር ደግሞ በገበያው ተበላ። «በወር ሃምሳ ዶላር» ብሎ የተዋዋለውም አልተሻለም፤ ምንዛሪው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ባንክ የሚል ክርክር በየወሩ ይነሳል። ውሉ በብር ይጻፍ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ ከገበያው ጋር ይታይ።

የደመወዙ መሠረት ሥራው ነው። «ቤት ትጠብቃለች፣ እማማን ታያለች» ብሎ መቅጠር በኋላ ለሚመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ በር ይከፍታል። የሥራው ዝርዝር ሊጥ ማቡካትና እንጀራ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጋገር፣ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ይሁን የኩበት፣ ልብስ በእጅ ይታጠብ እንደሆነ፣ እህል ወፍጮ ቤት ማን እንደሚያደርስ፣ በርበሬና ሽሮ ቤት ውስጥ ይዘጋጁ እንደሆነ ይናገር። በኩበት የምትጋግር ሴት ከጭሱ ጋር ግማሽ ቀን ትውላለች፤ በደብረ ብርሃን ብርድ በእጅ ልብስ ማጠብም እንደ ቆላው አይደለም። እንዲህ ያለው ልዩነት ሰዓት ይጨምራል፤ ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ነው።

ለአረጋዊ የሚደረገው እንክብካቤ ለብቻው ይጻፍ። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ስኳር መለካት፣ ማጠብ፣ ልብስ መለወጥ፣ ሌሊት ማንሳት። የኢንሱሊን መርፌ መውጋት ግን የጤና ባለሙያ ሳያሠለጥናት ልትሠራው የሚገባ ሥራ አይደለም። ከአልጋ የማይነሱ ሰው ሲኖሩም አንዲት ሴት ብቻዋን ማገላበጥ የለባትም፤ ወገቧን ትጎዳለች፣ በሽተኛውንም ልትጥል ትችላለች። በእንዲህ ያለ ቤት ደመወዝ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስሌቱ። መነሻ አድርገን የያዝነው 6,000 ብር ነው፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ይህ ስለሆነ። መንግሥት ከዚህ በታች አልከፍልም ካለ፣ እኛ ለአዳሪ ሠራተኛ ከዚያ ያነሰ ብንከፍል የምንሟገትበት ምክንያት አናገኝም። መምሪያዎ ለእያንዳንዱ ወረዳ ገበያውን አይቶ ሌላ ቁጥር ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ይህ በወር ሲታሰብ 208 ሰዓት ነው፤ 6,000 ለ208 ሲካፈል አንድ ሰዓት 28 ብር ከ85 ሳንቲም ያህል ይሆናል። አዳሪ ሠራተኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስታ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ታቆማለች እንበል። ከ15ቱ ሰዓት ለምግቧና ለዕረፍቷ አምስቱ ቢወጡ አሥር ሰዓት ትሠራለች፤ በስድስት ቀን 60። ትርፉ 12 ሰዓት ነው። አዋጁ ለትርፍ ሰዓት ያስቀመጠው ጣሪያም በሳምንት 12 ሰዓት ስለሆነ ከዚህ ማለፍ አይገባም። ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ በሳምንት 18፣ በወር 78 ሰዓት ይሆናል፤ በብር 2,250። ድምሩ 8,250 ብር ነው።

ሌሊት መነሳት ካለ ስሌቱ ይለወጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአዋጁ በ1.75 ይባዛል። በሌሊት በድምሩ አንድ ሰዓት የምትነሳ ከሆነ፣ ጣሪያው እንዳይታለፍ የቀኑ ሥራ በአንድ ሰዓት ይቀነስ። ያኔ የቀኑ ትርፍ 1,125፣ የሌሊቱ 1,312 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ጠቅላላው 8,437 ብር ከ50 ይሆናል። ጭማሪው በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ የቀኑ ዕረፍት ሰዓት ግን ከብሩ ይልቅ ይጠቅማታል፤ ብዙ ሠራተኞች ከአረጋዊ ቤት የሚለቁት ብር አንሷቸው ሳይሆን እንቅልፍ አጥተው ነውና።

ሰባተኛው ቀን ሙሉ ዕረፍት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተመልሳ ምሳ የምትሠራ ከሆነ አላረፈችም። በዚያ ቀን ወላጆችን ማን እንደሚያይ ውሉ በስም ይናገር፤ ካልተጻፈ ዕረፍቷ በሁለተኛው ወር ይቀራል። በገና፣ በጥምቀት ወይም በፋሲካ ከሠራችም በሁለት ተኩል ተባዝቶ ለአሥር ሰዓት ወደ 721 ብር ይከፈላት። በዓል ላይ ልጆች ከውጭ ሲመጡ ቤቱ በእንግዳ ስለሚሞላ ሥራዋ የሚከብደው ያኔ ነው፤ «ጉርሻ» ተብሎ በስጦታ መታለፍ የለበትም።

«ትበላለች፣ ትተኛለች» ብሎ መቀነስ የተለመደ ነው። ለመኝታ ምንም መቀነስ የለበትም፤ እዚያ የምታድረው ለአሠሪው ቤት ጥቅም ነው። ለምግብ የሚቀንስ የአካባቢው ቤተሰብ ቢኖር ከመነሻው አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 600 ብር፣ እንዳያልፍ ቅጹ ይወስን። ከውጭ የምንከፍለው ግን ምንም እንዳንቀንስ ይጻፍብን። መኝታ ሲባልም መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ማለት አይደለም፤ አልጋ፣ ለብርዱ የሚበቃ ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው።

ከውጭ ለሚከፍል ቤት የምትሠራ ሴት ሌላዋ ሠራተኛ የማትጠየቀው ሥራም አለባት። የቤት ወጪ ትይዛለች፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ ትከታተላለች፣ ቁልፍ ትጠብቃለች፣ ሕመም ሲነሳ መኪና ፈልጋ ሆስፒታል ታደርሳለች፣ ስልክ አንስታ ለልጆች ታስረዳለች። ለዚህ የመነሻው አንድ አሥረኛ፣ 600 ብር፣ የኃላፊነት አበል ተብሎ ይታከል፤ ሌሊት በሚነሳበት ቤት ጠቅላላው 9,037 ብር ከ50 ይደርሳል።

ይህን ስንል የደብረ ብርሃን መምህር ወይም ነርስ ምን እንደሚሉን እናውቃለን፦ ዲያስፖራው ዋጋ ሰቅሎ እኛን ሠራተኛ አሳጣን። ቅሬታው እውነት አለው። በዶላር አስቦ ከሰፈሩ ሦስት እጥፍ የሚከፍል አንድ ቤት የጎረቤቱን ሠራተኛ ይወስዳል። በሠንጠረዥ መለየት ያስፈለገውም ለዚህ ነው፦ የሰዓት ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ጭማሪው በተጨማሪ ሥራ ብቻ ይምጣ። ቀን የምትመላለስ፣ ሕፃን የማትይዝ፣ በሽተኛ የሌለበት ቤት የምትሠራ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው በዚሁ ስሌት ባነሰ ሰዓት ባነሰ ገንዘብ ይቀጥራል።

በጣም የሚያስጨንቀን ግን አሠሪው ማን ነው የሚለው ነው። ሥራ የሚያዙት እናት ናቸው፤ ያመጣቻት አዲስ አበባ ያለች እህት፣ ገንዘብ የሚልከው ቨርጂኒያ ያለ ልጅ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ወይም ስትባረር ማንም «እኔ ነኝ» አይልም፤ የቀበሌ ሽማግሌም ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። በኤምባሲ ፈርሞ፣ በአዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ውክልና መላክ ይቻላል፤ ለቤት ሠራተኛ ውል ይህን ሁሉ የሚያደርግ ግን አይገኝም። ስለዚህ ቅጹ ሁለት ቦታ ይኑረው፦ እዚያው የሚኖር አሠሪ፣ እና ከውጭ ክፍያ ለመፈጸም በኃላፊነት የሚፈርም ሰው። የሁለተኛው ፊርማ በስልክ ከተላከ ቅጂ ላይ ይበቃል ተብሎ በወረዳው ይመዝገብ።

ክፍያው በቀጥታ በራሷ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ይግባ። በዘመድ በኩል ሲሄድ «አጠራቅምላታለሁ» ይባላል፤ ዓመት አልፎ ስትጠይቅ ደረሰኝ የለም፣ የተቆረጠው ልብስና ትራንስፖርት አይታወቅም። የቤት ወጪም ከደመወዝ ጋር በአንድ አይላክ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዘይት ሲወደድ የሚጎድለው የእሷ ደመወዝ ነው። ከገጠር የምትመጣዋ ብዙ ጊዜ የቀበሌ መታወቂያም ፋይዳም ስለሌላት ሒሳብ መክፈት አትችልም፤ መታወቂያውን እንድታወጣ ወረዳው የትብብር ደብዳቤ ይጻፍላት። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መንገድ ወይም ባንክ ሲዘጋም የአንድ ወር ደመወዝ በታወቀ ሰው እጅ በቅድሚያ እንዲቀመጥ ቅጹ ያዝዝ።

የቀረው አጭር ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለች ልጅ እንዳትቀጠር ቅጹ ዕድሜዋን ይጠይቅ፤ ከ18 በታች የሆነች ሌሊት እንዳትነሳ። የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ሰዓቱ ይጻፍ። ደላላ የሚቀበለው ኮሚሽን ከአሠሪው ብቻ ይሁን፤ ከመጀመሪያ ደመወዟ ከተቆረጠ ወሩን በዕዳ ትጀምራለች፣ ሌላ ቤት ባገኘች ጊዜም ለመልቀቅ ትቸኩላለች። ተያዥ አምጪ ሲባል የተያዡ ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይገለጽ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋን አሠሪው ይክፈል። አዳሪ ሠራተኛ ስትሰናበት በአገለገለችበት በእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣት፤ እናት ወይም አባት ሲያርፉ ቤቱ በለቅሶ ላይ ስለሚሆን የሚረሳው ይህ ነው፤ እሷ ግን ሥራዋንም ማደሪያዋንም በአንድ ቀን ታጣለች።

ክቡር ኃላፊ፣ ሠንጠረዡና ቅጹ አንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ይበቃቸዋል። ቅጹን መሙላትና ማስመዝገብ በመሐል ሜዳና በደብረ ሲና ቢጀመር፣ እኛ የምንከፍላቸውን ውሎች በሙሉ በቅጹ አስመዝግበን፣ በየስድስት ወሩ የተከፈለውን ደረሰኝ ለወረዳው ለማቅረብ ፈቃደኞች ነን። ለማሳተሚያ የሚያስፈልገውንም እንሸፍናለን። መልስዎን በመምሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳም ሆነ በይፋዊ ገጹ ቢያሳውቁን፣ ለመጪው መስከረም ክለሳ እንደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በውጭ አገር የምንኖር የሰሜን ሸዋ ተወላጆች