መለኪያው አልተበላሸም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ደም ግፊት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወደድኩት። አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል፦ ግፊት በሁለቱም እጅ ይለካ። እዚህ ደሴ፣ የእህቴ ልጅ ግራ ክንድ ላይ ግፊቱም ምቱም አልገኝ አለ። ነርሷ በመሣሪያው አሳበበች። ቀኝ እጇ ሲለካ ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል።

የያዛት በሽታ ታካያሱ ይባላል፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ባስታወቀው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ስም። ትልልቆቹ የደም ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍርና ይጠባሉ፤ ደም እንደ ልብ ባላለፈበት ክንድ ግፊቱም ምቱም የሚጠፋው ለዚህ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው።

ሕክምናው ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝቡት ሜቶትሬክሴት ወይም አዛቲዮፕሪን ይታከልበታል። ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል። «ወፈረች፣ አማረባት» ያሉ ጎረቤቶች አሉላችሁ! ሻል ሲላት ደግሞ «በቃ ተይው» ይሏታል። በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ኪኒኑ ብቻ አይቋረጥ። ሜቶትሬክሴት ላይ ያለች ሴት ማርገዝ የለባትም፤ ልጅ ካሰበች አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

በሽታው ያገረሻል፤ አንዳንዴም የጠበበውን ቧንቧ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ክትትላቸውን ያላቋረጡት አብዛኞቹ ግን ለዓመታት ሥራቸውን እየሠሩ ይኖራሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ